ምልክትን ወደ ድምፅ ስለ መመለስ

(በራዲዮ ከተነገረው የታሪክ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግሬ አርእስት «ምልክትን ወደ ድምፅ ስለ መመለስ» የሚል ነው። ነገሩ ለጊዜው የመካኒክ ጉዳይ ይመስላል፤ በእርግጥም የተነሣው ከአንድ የኤሌክትሪክ ሣጥን ነው። ነገር ግን ሣጥኑን የሰማሁት በደብረ ወርቅ ስለ ሆነ፥ አብረውኝ የሰሙትም አንድ የዜማ መምህር ስለ ነበሩ፥ ጨዋታው ከሣጥኑ አልፎ ወደ አገራችን ታሪክ ገባ። በዚያ ሌሊት የተማርሁትን፥ የራሴንም ጥፋት ሳልደብቅ፥ ለእናንተ ለማካፈል አስቤአለሁ።

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም፥ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ ያልፍባታል። ስሟን ከሩቅ ያስጠራው ቅዱስ ሉቃስ ሣላት ተብሎ የሚነገርላት ሥዕለ ማርያም ያለችበት ጥንታዊው የደብረ ወርቅ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከእርሷ ብዙ ሳይርቅም በቅኔው የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛል። እንግዲህ አገሩ ጆሮ ያለው አገር ነው፤ ቃል ሲጎድል ወይም ዜማ ሲሰበር ወዲያው የሚያውቅ ሰው ከየአጥሩ ሥር የማይታጣበት ማለቴ ነው።

በዚሁ አገር ተወልዶ በውጭ አገር የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረ፥ ኑሮውንም በዚያው ያደረገ አንድ ወዳጄ ለኅዳር ጽዮን በዓል ወደ ትውልድ ቦታው ሲመጣ አንድ ሣጥን ይዞ መጣ። ሥራዬ በማይክሮፎን ፊት መቀመጥ ነውና፥ «ና ስማልኝ» ብሎ ጠራኝ። ሣጥኑ በቁጥር የተያዘውን ድምፅ፥ ማለት ዲጂታሉን፥ ተቀብሎ ጆሮ ወደሚሰማው አናሎግ ድምፅ የሚመልስ መቀየሪያ ነበር። እንዲህ ያለው መቀየሪያ በየኪሳችን ባለው የእጅ ስልክ ውስጥም ከጥፍር ባነሰ መጠን ተሠርቶ ይገኛል። የወዳጄ ግን ወፍራም የብረት ልብስ የለበሰ፥ ሁለት እጅ ተባብሮ የሚያነሣው ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ፥ ለአንድ መንደር ገበሬ የሚበቃ የእርሻ በሬ በዓይኔ ፊት ተሰለፈ።

የጎረቤቱ የዜማ መምህር የኔታም ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ሣጥኑን ዞር ብለው ተመለከቱና፥

«ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?» አሉ።

«የኔታ፥ በቁጥር የተጻፈ ድምፅ ሲሰጡት አንብቦ ያዜመዋል» አላቸው ወዳጄ።

«እንግዲያውስ መሪጌታ ነዋ!» ብለው ሣቁ፤ ከሣቁም በኋላ «በማን ጉባኤ ተማረ?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ለቀልድ የተነገረ ቢሆንም፥ ሌሊቱን ሙሉ ስንመረምረው ያደርነው ይህንኑ ነው።

አድማጮች ሆይ፥ ታሪኩን ከሥሩ ብንጀምረው፥ ምልክትን ወደ ድምፅ የመመለስ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ዜማውን በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ስልት ከመሠረተው በኋላ፥ ትምህርቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ገዳማት ሲቃጠሉና ሊቃውንት ሲያልቁ፥ በአፍና በጆሮ ብቻ የተያዘ ሀብት በአንድ ትውልድ ሊጠፋ እንደሚችል በግልጥ ታየ። ዐፄ ገላውዴዎስ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመንም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለዜማው የምልክት ሥርዓት እንዳበጁለት ታሪክ ያስረዳል።

ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ፥ ድርስና አንብር ይባላሉ። ከእነዚህም ሌላ፥ ከቃሉ ራስ በላይ በረቂቅ ፊደል የሚጻፉ እጅግ ብዙ ምልክቶች አሉ። አንዱ ፊደል፥ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን አንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ በአጭሩ የሚያስታውስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ምልክቱ ድምፁን በውስጡ አልያዘም። ድምፁ ያለው በአንባቢው ዘንድ ነው። ድጓን ዕድሜውን ሙሉ ላላጠና ሰው ቢሰጡት፥ ፊደሉን ሁሉ እያየ ዝም ይላል።

ድምፅን ያለ አንባቢ፥ በራሱ መልክ መያዝ የተቻለው ቶማስ ኤዲሰን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. ፎኖግራፍን ከሠራ በኋላ ነው። ጥበቡ ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃሏን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላከች፤ እነርሱም በ1891 ዓ.ም. ገደማ የመልሱን ቃል በሰም ላይ አስቀርጸው ወደ ለንደን ሰደዱ። የንግሥቲቱ ቃል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ነበር ይባላል፤ የዐፄ ምኒልክ ድምፅ ግን ከሰም ወደ ሸክላ፥ ከዚያም በየዘመኑ ወደ መጣው መሣሪያ እየተገለበጠ እስከ ዛሬ ይሰማል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የተሰማ እሸቴ ስም ነው። ተሰማ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የአውቶሞቢልን ሥራ ለመማር ወደ ጀርመን አገር በተላከ ጊዜ፥ በበርሊን ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ፤ በንግድ ሸክላ የወጣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝም እርሱ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ የአቃቂው የራዲዮ ጣቢያ ተከፈተ፤ ድምፃችን ባሕር ተሻግሮ መሰማት ጀመረ። ከነጻነት በኋላ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር በአዋጅ ተሰጥቶ ነበር፤ አምሃ እሸቴ ግን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ ድፍረት ሸክላ እያሳተመ የዘመኑን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ለዓለም አተረፈ። ከዚያም ካሴት መጣና ሸክላውን ከየቤቱ አስወጣው። ክቡር ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፥ ያንን የጎጃም ታሪክ፥ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ዛሬ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ያም ትረካ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ከኛ ትውልድ ደረሰ።

እነዚህ ሁሉ፥ ማለት ሰሙም ሸክላውም ቴፑም፥ አናሎግ ይባላሉ። ይኸውም ድምፁ አየሩን እንዳወዛወዘው፥ የሸክላው መሥመር ወይም የቴፑ መግነጢስ በዚያው መልክ ከፍና ዝቅ ይላል ማለት ነው። መልኩ መልክን ይመስላል፤ ቢያረጅም መልኩ አብሮ ያረጃል። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል፤ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር እሽታው ይበዛል።

ዲጂታል የሚባለው ጥበብ ግን የድምፁን መልክ መቅረጽ ትቶ ልኩን በቁጥር ጻፈው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. በፓሪስ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ይህን አሳብ በፓተንት አስመዘገበ፤ በዘመኑ የነበረው መሣሪያ ግን ለሥራው አልበቃም። ለሕዝብ የደረሰው በ1982 ዓ.ም. የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ ተባብረው ሲዲን ባወጡ ጊዜ ነው። በሲዲ ላይ ድምፁ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ድምፁ ተቆራርጧል፤ በሁለቱ ልክ መካከል ያለው ጠፍቷል» ብሎ ያዝናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን ሃሪ ናይክዊስት በ1928፥ ክሎድ ሻነንም በ1949 ዓ.ም. በሒሳብ እንዳስረዱት፥ የሚለካው ድምፅ ንዝረት በሰከንድ ከሚወሰደው ልክ ከግማሽ በታች እስከ ሆነ ድረስ የሚጠፋ ነገር የለም። በሜዳ ላይ ችካል ተክላችሁ ገመድ ብታሳልፉ፥ ገመዱም ከተወሰነ በላይ በፍጥነት መታጠፍ የማይችል መሆኑ ቢታወቅ፥ ችካሎቹን ሁሉ እየነካ የሚያልፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ አይሰማምና፥ 44,100 ችካል ይበቃዋል።

መቀየሪያው የሚሠራው ሥራ እንግዲህ ከችካሎቹ ገመዱን መልሶ መዘርጋት ነው። እንዴት ቢሉ፥ የገበያ ሚዛን አስቡ። 16 የሚዛን ድንጋዮች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ካለፈው እጥፍ ይከብዳል፤ 1፥ 2፥ 4፥ 8 እያለ እስከ 32,768 ይደርሳል። ቁጥሩ የትኛው ድንጋይ ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀመጥ ያዝዛል፤ በሚዛኑ ላይ የተገኘው ክብደት የዚያች ቅጽበት የኤሌክትሪክ ልክ ነው። ጭንቁ ያለው ከትልቁ ድንጋይ ላይ ነው፤ ከትልቁ ድንጋይ እንደ ትንሹ ድንጋይ ያህል ቢጎድል፥ የትንሹ ሥራ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ፊሊፕሶች የመጀመሪያውን መሣሪያ ሲሠሩ በ14 ድንጋይ ብቻ ተወስነው፥ የጎደለውን በፍጥነት ሞሉት፤ ሚዛኑን በ4 እጥፍ፥ ማለት በሰከንድ 176,400 ጊዜ አሠሩት። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ድንጋዩን እያሳነሱ ፍጥነቱን እጅግ አበዙት። ሁለተኛው ጭንቅ የሰዓት ነው። በማኅሌት ጊዜ ከበሮ መቺው ለዐይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገይ ጸናጽሉና መቋሚያው ሁሉ እንደሚታወክ፥ መቀየሪያውም ድንጋዩን በልክ አንሥቶ በጊዜው ባያስቀምጠው ድምፁ ይታወካል። በወዳጄ ሣጥን ውስጥ ገንዘቡ የፈሰሰው በእነዚህ በሁለቱ፥ በድንጋዩ ልክነትና በሰዓቱ ጽናት ላይ ነው።

አሁን ወደ ሰማነው ልመለስ። ያን ምሽት መብራት አልጠፋም። በመጀመሪያ የተሰማ እሸቴን ዘፈን አሰማን፤ ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም በ27ኛው ሲዲ ላይ የወጣውን ማለት ነው። ከሸክላው ፍጭት ጀርባ የዘፋኙ ድምፅ ጥርት ብሎ ቆመ፤ ፍጭቱም በዚያው መጠን ጥርት ብሎ ተሰማ። ሣጥኑ ለአንዱ አድልቶ ሌላውን አልሸፈነም።

ቀጥሎ የዓለሙ አጋን በገና አሰማን። በገና፥ እንደምታውቁት፥ 10 የአንጀት ክር አለው፤ በየክሩ ሥር የምትገባው እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ናት ድምፁን እንደ ንብ የምታስነዝረው። በተራ ራዲዮ ሲሰማ ያ ንዝረት አንድ ወጥ ጉርምርምታ ይመስላል። በዚያ ምሽት ግን ክሩ በመጀመሪያ ሲመታ፥ ከዚያም እንዚራው ተነሥቶ ሲነዝር፥ በመጨረሻም ንዝረቱ አልቆ የክሩ ድምፅ ብቻውን ሲቀር ለየብቻ ሰማሁ። በገናው ግድግዳው ላይ ሳይሆን በክፍሉ መካከል፥ ከየኔታ ፊት ለፊት የተቀመጠ መሰለኝ። የኔታም ዐይናቸውን ከደኑ። ወዳጄ በደስታ ተመለከተኝ፤ እኔም «ጋሼ፥ ገንዘብህን በሚገባ አውጥተሃል» አልሁት።

ወዳጄ ግን መሐንዲስ ነውና በምስጋናዬ ብቻ አልረካም። ከሻንጣው በአንድ ዶሮ ዋጋ የሚገዛ፥ አውራ ጣት የምታህል ሌላ መቀየሪያ አወጣ። ሁለቱን በነጠላ ጋርዶ፥ የቱ እየሠራ እንደ ሆነ ሳይነግረን እያለዋወጠ ያሰማን ጀመር። በመጀመሪያው ዙር ትልቁን ሁልጊዜ ለየሁት፤ ድምፁ የሞላና የቀረበ ነበርና። ወዳጄ ፈገግ አለ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያ አምጥቶ ሲለካ፥ ትልቁ ሣጥን ከትንሹ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይጮህ ኖሯል። የሰው ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ «ከፍ ያለ» ብሎ አያውቀውም፤ «የተሻለ» ብሎ ይቀበለዋል እንጂ። ሁለቱን እኩል አድርጎ ደግሞ ሲያሰማን፥ ከ10 ጊዜ 6ቱን አገኘሁ፤ ወዳጄም ተራው ደርሶ እኔ ሳለዋውጥለት 4ቱን አገኘ። በግምት የሚናገር ሰውም 5 ያህል ያገኛል። የኔታ «እኔ ዜማ እንጂ ሣጥን አላውቅም» ብለው ከፈተናው ቀሩ።

በዚህ ምክንያት ትልቁ ሣጥን ከንቱ ነው አልልም። አሠራሩ ያማረ ነው፤ ዕድሜውም ረጅም ይሆናል፤ እንግዳ ክፍልና የተሻለ ጆሮ ደግሞ ሌላ ነገር ያሰማ ይሆናል። እኔ የምናገረው በዚያ ቤት በዚያ ምሽት የሆነውን ብቻ ነው። የጥበቡ ታሪክም ቢሆን የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ በ1982 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች የተጨነቁበት ሥራ ዛሬ ከጥፍር ባነሰች ዕቃ ውስጥ ስለ ገባ፥ ቁጥርን በትክክል ወደ ድምፅ መመለስ የሀብታም ብቻ ጸጋ መሆኑ ቀርቷል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የዛሬ 11 ዓመት፥ ሥራ በጀመርሁበት ጊዜ፥ በዚሁ በጎጃም አንድ በዕድሜ የገፉ የድጓ መምህር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዜሙልኝ ቀድቼ ነበር። ወደ መሥሪያ ቤት ስመለስ የማስቀመጫ ቦታ ጠበበኝ። ስለዚህ ድምፁን ኤም.ፒ.3 በሚባለው መንገድ እጅግ አሳንሼ አስቀመጥሁና ዋናውን አጠፋሁት። ይህ መንገድ ጆሮ አያስተውለውም የተባለውን የድምፅ ክፍል እየመረጠ ይጥላል፤ በመጠኑ ሲደረግ የሚጎዳ አይደለም፤ እንደ እኔ ከልክ በላይ ሲያሳንሱት ግን የሚጣለው ሥጋው ነው። ያዘዘኝ አልነበረም፤ ከለከለኝ የምለውም የለም። መምህሩ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

ያን ቅጂ በኪሴ ይዤ ነበርና፥ በዚህ በተመሰገነ ሣጥን ሲሰማ ምናልባት ያምርለት ይሆናል ብዬ ለወዳጄ ሰጠሁት። ድምፁ እንደ ተነሣ የኔታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ይህ የመምህሬ ድምፅ ነው» አሉ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጥቂት አዳመጡና ፊታቸው ተለወጠ።

«ርክርካቸው የት ሄደ? የርሳቸው ርክርክ በወንዝ ውስጥ እንዳለ ጠጠር አንድ ባንድ ይቈጠር ነበር። ይህ ጭቃ ነው።»

ወዳጄ ትንሹን መቀየሪያ ሞከረ፤ ያው ጭቃ ነው። ወደ ትልቁ ተመለሰ፤ ያው ጭቃ ነው። የሚዛኑ ድንጋይ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን፥ ያልተመዘነውን እህል አይመልስም። ያደረግሁትን ለየኔታ ተናዘዝሁ። «ሳታውቅ ነው፥ ልጄ» አሉኝ፤ ቃሉ ግን አላቀለለኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። የኔታ ቅጂው እንዲቆም አዝዘው፥ ያንኑ ክፍል ራሳቸው ከሥር ጀምረው አዜሙት። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ትንፋሹም አጭር ነው። ነገር ግን ከቅጂው የጠፋው ርክርክ ሁሉ፥ ጠጠሩ አንድ ባንድ እየተቈጠረ፥ በቦታው ተመለሰ። አዜመው ሲጨርሱ «እርሳቸው እንዲህ ነበር የሚሉት» አሉ።

አድማጮች ሆይ፥ እኔ ያበላሸሁት ቅጂ ምንም ቢያንስ በድጓው ላይ ካለው ምልክት ይልቅ እጅግ ብዙ ነገር የያዘ ነው። ምልክቱ አንድ ፊደል ነው፤ ቅጂው በሺህ የሚቈጠር ቁጥር ነው። ሆኖም ከሺህው ቁጥር ያልተገኘው ከአንዱ ፊደል ተገኘ። ምክንያቱ አንባቢው ነው። ሣጥኑ ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሊጨምርም አይገባውም፤ የሥራው ክብር የተሰጠውን ሳያጎድል መስጠት ነው። መሪጌታ ግን በጉባኤ የተማረውን ይጨምራል። ለሣጥኑ የሚያስፈልገው በጎ ቅጂ ነው፤ ለመሪጌታ የሚያስፈልገው ተማሪ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ ይህን የምትሰሙ፥ በየደብሩ ያሉትን መምህራን ድምፅ ለማስቀረት የምታስቡ ሁሉ፥ ከእኔ ጥፋት ተማሩ። ለማሰሚያው ከምታወጡት ገንዘብ ይልቅ ለመቅጃው አስቡ። ማይክሮፎኑን ከከበሮው አርቃችሁ ለአዛሚው አቅርቡ። ዋናውን ቅጂ ሳታሳንሱ አስቀምጡ፤ ከሁለትና ከሦስት ቦታም አኑሩት። ቀኑን፥ ቦታውንና የመምህሩን ስም በአፍ ተናግራችሁ ከድምፁ ጋር ቅዱ፤ ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ራሱ ይናገራልና። እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚቻል ማስረጃው አለ፤ ኬይ ካፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፍሪ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 እስከ 1997 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ በሦስት ቅጽ ከነድምፁ አሳትመዋል። የውጭ አገር ሰዎች ከሩቅ መጥተው ከደከሙበት፥ የደጃፉ ባለቤቶች የምናመካኝበት ነገር ሊኖረን አይገባም።

በማግሥቱ ማለዳ የኔታን በጉባኤ ቤታቸው ደጃፍ በዛፍ ሥር አስቀምጠን ቀዳናቸው። በሰከንድ 48,000 ልክ፥ በየልኩም 24 የሚዛን ድንጋይ አድርገን ምንም ሳናሳንስ ያዝነው። አንዱን ቅጂ ለጉባኤ ቤቱ ሰጠን፤ አንዱን ወዳጄ ወሰደ፤ አንዱ ከእኔ ዘንድ አለ። ወዳጄም ትልቁን ሣጥን ይዞት ሲመለስ፥ የቀዳንበትን መሣሪያ ከነማይክሮፎኑ ለየኔታ ተማሪዎች ተወላቸው።

ዕቃችንን ስንሰበስብ የኔታ «ለሣጥናችሁ ቀዳችሁ፤ ለራስህስ ምን ያዝህ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። «በል ተቀመጥ» አሉኝና ከመጀመሪያዋ መሥመር አስጀመሩኝ። ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ። በአራተኛው «ይዘቱን አገኘኸው፤ ድፋቱ ይቀርሃል፤ ነገ ና» አሉ። መኪናው እየጠበቀኝ ነበርና በማግሥቱ ሳልመለስ ቀረሁ፤ ለጥምቀት ግን እንደምመጣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።